ጎማ አትርሱ

እኛ ሐና ማርያም አካባቢ የምንኖር ሰዎች ውኃን የምናውቃት በጄሪካን ነው። በፈረቃ ትመጣለች፤ ስትመጣ እንቀዳለን፣ ስትሄድ እንቆጥባለን። ከጄሪካን የበዛ ውኃ ካየን ጸበል ነው ማለት ነው፤ ጫማችንን አውልቀን እንጠጋለን። በውኃ መጫወት የሚባል ነገር በቤታችን ታስቦም አያውቅም። ትልቁ ልጄ ያሬድ አንድ ቀን አንድ ኩባያ ውኃ እህቱ ላይ ደፍቶ የቀመሰውን ቁጣ እስከ ዛሬ ያነሣዋል።

ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት የከባድ መኪና ካላማዳሪ ታቅፋ ላፍቶ ላይ ታክሲ ስትጠብቅ እንዴት ተገኘች? ካላማዳሪ ያ ጥቁሩ፣ ንፋስ የሚሞላው የጎማ አንጀት ነው። ያዩኝ ሰዎች ብዙ ስለሆኑ፣ ነገሩን ራሴ ብናገረው ይሻላል።

የተጀመረው ከእግር ነው። ትንሿ ልጄ ቤቴል ሰባት ዓመቷ ነው። በክረምቱ ከኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ወድቃ ግራ እግሯ ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በደንብ ገጠመ፤ ጀሶውም ተፈታ። ሐኪሙ «አጥንቱ ድኗል» አለን። አጥንቱ ዳነ እንጂ ልጅቷ አላመነችውም። በቀኙ ትራመዳለች፤ ግራውን እንደማታውቀው እንግዳ ከኋላ ታስከትለዋለች። አንድ እጇ ሁልጊዜ ቀሚሴ ላይ ነው። ወጥ ቤት ስገባ አብራኝ ትገባለች፤ ልብስ ሳሰጣ አብራኝ ትቆማለች። ቀሚሶቼ ሁሉ በአንድ ጎን ረዝመዋል።

«ይህ እግር የጎደለው ድፍረት ብቻ ነው» አለ ሐኪሙ። «ውኃ ውስጥ ታራግጥበት። ውኃው ክብደቷን ይሸከምላታል። ዝም ካላችኋት ግን እግሩ እየቀጠነ፣ እሷም አካሄዱን እየለመደችው ትሄዳለች።»

«እየለመደችው» የምትለዋን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ከዚያች ቃል ሌላ ነገር አላሰብኩም።

እግዚአብሔር መልስ የሰጠኝ በስልክ ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ታደሰ ሥራቸው ላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ ነው። ጀልባ ያለው ወዳጅ አላቸው። ቅዳሜ ሁላችንም ብንመጣ ልጆቹን ሐይቁ ላይ እንደሚያዞሩልን ለባለቤቴ ለሰለሞን ደውለው ነገሩት። ሰለሞን ስልኩን ዘግቶ፣ «ጎማ አትርሱ ብሏል» አለኝ።

«ምን ጎማ?»

«የመንገዱን ነገር አውቆ ነዋ! ታደሰ ድሮም አስተዋይ ነው።»

በዚያው ቀን ጎሚስታ ዘንድ ሄደ። ስኮርታውን፣ ያንን ከኋላ የሚጫነውን ትርፍ ጎማ፣ አስለጥፎ፣ ንፋስ አስሞልቶ፣ አጥቦም መጣ። ጎማ በሳሙና ታጥቦ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እኔም ውለታ የሚረሳ ሰው መሆን አልፈልግም፤ ላመሰግን ደወልኩ።

«ጋሽ ታደሰ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎማውም ተሞልቷል፤ ሐሳብ አይግባዎት።»

«ከአሁኑ ሞላችሁት? እዚህ መጥታችሁ ብትነፉት ይሻል ነበር። መኪና ውስጥ ቦታ ይይዝባችኋል።»

«ኧረ የራሱ ቦታ አለው።»

«ስንት ነው?»

«አንድ።»

«ለሁለት ልጅ አንድ? ይጣሉበታል እኮ!»

ልጆቼ በብዙ ነገር ሲጣሉ አይቻለሁ፤ በስኮርታ ተጣልተው ግን አያውቁም።

«ጋሽ ታደሰ፣ ልጆቹ ጎማውን ምን ያደርጉታል?»

«ወገባቸው ላይ ያጠልቁታል እንጂ!»

«ከነቸርኬው? ብረቱ አይከብዳቸውም?»

በስልኩ ውስጥ አንድ ዓይነት የሲቃ ድምፅ ሰማሁና ደነገጥኩ። ለካ እየሳቁ ነው።

«የዋና ጎማ ነው ያልኩት፣ የያሬድ እናት! የሚንሳፈፈውን! ሰለሞን እኮ ልጅም ሆኖ እንዲህ ነበር፤ ዕቃ ግዛ ሲሉት የሚገዛው የመሰለውን ነው።»

ለሰለሞን ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ «መንገድ ላይ ቢተነፍስብን ግን ማንን ታመሰግኑ ነበር?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ የውኃውን ዕቃ የመምረጥ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ።

ላፍቶ፣ የልጆች ዕቃ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ስልኩን እየነካካ የተቀመጠ ወጣት ነው።

«የውኃ ጎማ አለ?» አልኩት።

«የውኃ ጎማ ቀጥሎ ያለው የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ነው፣ ማዘር። በሜትር ይቆርጡልሻል።»

«ኧረ ልጅ የሚይዘውን ነው።»

«እሱንም ልጅ ይይዘዋል። ቀላል ነው።»

«የሚንሳፈፈውን!»

«እ! የዋና! ቀድመሽ እንደሱ አትይም?»

ይህ ጎማ የሚባል ቃል ስንት ጭነት ተሸክሞ እንደሚኖር ያን ቀን ገባኝ።

ልጁ ከመደርደሪያው ዕቃ ያወርድ ጀመር። መጀመሪያ የመጣው አረንጓዴ አዞ ነው።

«ይሄ አሪፍ ነው። ሁለት ልጅ ይጭናል፤ መያዣም አለው።»

«ልጄ ውኃ የምትፈራ ናት። አዞ ላይ አስቀምጬ ነው የማደፋፍራት?»

«ፊቱን እዪው እስኪ፣ ማዘር። ይስቃል እኮ።»

እውነትም ይስቅ ነበር። ጥርሱ በሙሉ ይታያል።

የውኃ ሽጉጥ አመጣ፤ ሽጉጥ ቤቴ እንደማይገባ ነገርኩት። የታጠፈ ቱቦ አመጣ። «ይሄ ውኃ ውስጥ ሆነሽ የምትተነፍሺበት ነው» አለኝ። ከውኃ ውጭ ያለ ምንም ቱቦ እተነፍስ እንደነበር ብነግረው፣ «ማዘር፣ አንቺ ቀልደኛ ነሽ» አለ። አልቀለድኩም ነበር። ቀጥሎ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የላስቲክ ከረጢት ዘረጋልኝ።

«ስልክሽን እዚህ ውስጥ ትከቺዋለሽ። ውኃ ቢገባ እንኳ አይበላሽም።»

«ልጄስ?»

«እ?»

«ውኃ ብትገባ ልጄ ምንም የማትሆንበት ዕቃ ነው የምፈልገው።»

ራሱን አከከ። እውነቱን ለመናገር እኔም ጥያቄዬ ከሱቁ አቅም በላይ መሆኑ ታወቀኝ።

«አንተ ግን ዋኝተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«እኔ? ማዘር፣ እኔ የጎፋ ልጅ ነኝ እኮ!»

የጎፋ ሐይቅ በየት በኩል እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አንገቱ የረዘመ ሮዝ ዳክዬ፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ የወገብ ጎማ፣ መረጥኩ። ክንድ ላይ የሚታሰሩ፣ በአፍ የሚነፉ ሁለት ትንንሽ ትራሶችም ጨመርኩ። መርቄው ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ትራሶቹን መጀመሪያ ያነሡት አማቴ እማማ ሙሉ ናቸው። እማማ ደም ግፊት አለባቸው፤ በየጊዜው እየሄዱ ይለካሉ። ዕቃውን አገላብጠው አዩት፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ክንዳቸው ላይ አጠለቁት።

«ንፋልኝ» አሉት ያሬድን።

ያሬድ ነፋ።

«አጥብቀው። ነርሷ እንኳ ከዚህ የበለጠ ታጠብቀዋለች።»

ያሬድ ጉንጩ እስኪቀላ ነፋ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሳይናገሩ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጠበቁ። ከዚያም፣ «ስንት ሆነ?» አሉ።

«እማማ፣ ይሄ የዋና ነው እኮ።»

«የማንም ይሁን፤ ስንት ሆነ ነው ያልኩህ!»

ያሬድ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

«ደህና ነው» አላቸው።

«ተመስገን» አሉ እማማ። ምሳ ላይ ወጣቸው ላይ ጨው ነሰነሱ።

ቀጥሎ የዳክዬው ፈተና መጣ። ሳይሞከር ልጄን ላስቀምጥበት አልፈለግሁም፤ መሞከሪያ ውኃ ግን ከየት ይምጣ? ፈረቃችን ገና ነው። ካለን ላይ ቀንሼ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ትንሽ ገለበጥኩ። ዳክዬው ከሳፋው ሰፋ። እንደ ክዳን ከላይ ተቀመጠበት፤ ውኃውንም አልነካው። ቢሆንም ያምር ነበር። ቤቴል ቀስ ብላ መጣች፤ በአንድ እጇ ቀሚሴን ይዛ በሌላው አንገቱን ደባበሰችው።

«እስኪ ቁጭ በዪበት» አልኳት።

ቁጭ አለች። ፈገግም አለች። ከዚያ ከበታቿ ፍስስስ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዳክዬው አንገቱን ቀስ እያለ፣ እንደሚሰግድ ሰው፣ ወደ መሬት አወረደ። መንቆሩ ወለሉን ሲነካ ቤቴል ብድግ አለች።

«ተሰበረ።»

«አይ ልጄ፣ ተነፈሰ ነው የሚባለው።»

«አንገቱ ተሰበረ። ስቀመጥበት ተሰበረ። እኔ ሐይቅ ውስጥ አልገባም!»

ቀሚሴን ለቃ ወደ መኝታ ቤት ሄደች፤ በቀኝ እግሯ እየተራመደች፣ ግራውን እያስከተለች። ከዚያ በኋላ ነገሩ የመጫወቻ ነገር መሆኑ ቀረ። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ደርሳ ሳትገባ ብትመለስ፣ ሌላ ሐይቅ የምናገኘው መቼ ነው? ሐኪሙ ያለው ቃል ተመልሶ መጣብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዳክዬውን በፌስታል ጠቅልዬ ባለቤቴ ደንበኛ የሆነበት ላፍቶ ያለ ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። አዎ፣ ጎሚስታ። ጎማ ከሆነ፣ ከተነፈሰም፣ ከእሱ በቀር ወደ ማን ይወሰዳል?

«እህቴ፣ ይቺ ምን አላት?» አለ። ዳክዬውን ነፋ፤ ጥቁር ውኃ የሞላበት በርሜል ውስጥ ደፈቀው፤ አረፋ የሚያወጣበትን ቦታ አንገቱ ሥር አገኘው። በዳክዬው ላይ ያየሁት የመጀመሪያ ውኃ ይኸው ነው። ዳክዬው ተንሳፈፈ፤ እኔም ደስ አለኝ።

«አሁን በሙቅ እለጥፍልሻለሁ። እኔ የለጠፍኩት ጎማ ከመኪናው በላይ ይኖራል።»

የሚያጋለውን ብረት አጥብቆ አሰረበት። ወዲያው ደስ የማይል ሽታ መጣ። ሲፈታው ዳክዬው አንገቱ ቀልጦ፣ ራሱ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ እንቅልፍ የወሰደው መስሎ ወጣ።

ጎሚስታው ተቆጣ። «ይሄ እኮ ላስቲክ ነው! ጎማ ነው አላልሽኝም?»

«ሰው ሁሉ ጎማ ነው የሚለው።»

«ሰው ሁሉ ተሳስቷል! ጎማ ማለት ምን እንደሆነ ላሳይሽ።»

ወደ ውስጥ ገባና ያን ካላማዳሪ ይዞ ወጣ። የዳክዬው ካሣ መሆኑ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ልቡ ደግ ነው። ኮምፕሬሰሩን አስነሥቶ ይሞላው ጀመር። ካላማዳሪው መሶብ አከለ።

«ይበቃል፣ ወንድሜ።»

«ትንሽ ይቀረዋል።»

ጠረጴዛ አከለ።

«ኧረ በማርያም፣ ይበቃል!»

«ይኸው! በዚህ ላይ ሆና ሐይቁን በሙሉ ትዞርበታለች።»

«በል አሁን ንፋሱን አውጣልኝ። የምሄደው በታክሲ ነው።»

«እዚያ ማን ይሞላልሻል? ሐይቅ ዳር ኮምፕሬሰር አለ?»

አመስግኜው፣ ካላማዳሪውን ታቅፌ ወጣሁ።

«ሐና! ሐና! ሐና ማርያም!» እያለ የሚጣራው ረዳት ሲያየኝ ድምፁ ቆመ።

«ማዘር፣ እሱም ይሳፈራል?»

«እባክህ ልጄ፣ አቅፈዋለሁ።»

«አንቺ ነሽ የምታቅፊው ወይስ እሱ ነው የሚያቅፍሽ?»

ታክሲው ሳቀ። ካላማዳሪው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በተሳፋሪው ራስ ላይ አልፎ መጨረሻው ወንበር ደረሰና ተሰነቀረ። እዚያ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ፊታቸው በቀዳዳው መሐል ሆኖ፣ ፍሬም ውስጥ እንደገባ ፎቶግራፍ፣ ጸጥ ብለው ተጓዙ። ትንሽ እንደሄድን፣ «ልጄ፣ ይህ ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«ለልጄ እግር ነው፣ አባቴ።»

ካላማዳሪውን ዙሪያውን አዩት። «ምነው፣ እግሯ ይህን ያህላል?»

እንግዲህ መናገር ግድ ሆነ። ስለ ደረጃው፣ ስለ ጀሶው፣ ሐኪሙ ስላለው፣ ስለ ቅዳሜው ሐይቅ ነገርኳቸው። ታክሲው ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ዞራ፣ «አይዞሽ፣ በዚህ ቅዳሜ ትራመድልሻለች» አለች። ሹፌሩ ሳይቀር አሜን አለ። ላወርደው ስታገልም ረዳቱ ራሱ ተሸክሞ አወረደልኝ።

ቤተ ክርስቲያኗን ሳልሳለም አላልፍም። ደጁን ለመሳም ቀረብኩ፤ ካላማዳሪው ቀድሞኝ ደረሰና ወደ ኋላ መለሰኝ። እንደገና ቀረብኩ፤ እንደገና መለሰኝ። ኃጢአቴ ይሆን ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«እናቴ፣ መጀመሪያ አስቀምጪው» አለ የደጁ ጠባቂ።

ይህ አልታየኝም ነበር። አቁሜ አስቀመጥኩት። ዞር ስል ቁልቁለቱን ይዞ መንከባለል ጀምሯል። ግማሹን ተሳልሜ፣ ግማሹን ሮጬ ያዝኩት። ማርያም ታውቀኛለች፤ እሷም እናት ናት።

ቅዳሜ ካላማዳሪውን መኪናው ጣሪያ ላይ አስረን ሄድን። ላንጋኖ ሻይ በወተት የመሰለ ውኃ ነው፤ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ። የፈጣሪን ሥራ አይቼ ትንሽ ቆምኩ። ጋሽ ታደሰ ግን የሚያዩት ጣሪያችንን ነበር።

«ይሄን ሁሉ ምን አስቸገራችሁ? ነፍስ አድን ጃኬት እኮ ጀልባው ላይ ለሁላችሁም አለ። ጎማ ያልኩት እንዲሁ ለጨዋታ ነው።»

እኔና ሰለሞን አልተያየንም።

ሁላችንም ብርቱካንማውን ጃኬት ለበስን፤ እማማ ሙሉ ከነጠላቸው በላይ ለበሱት። ጀልባው ትንሽ አዙሮን፣ ለአዋቂ ከወገብ ትንሽ ከፍ የሚል ውኃ ላይ፣ ከዳር ሳይርቅ ቆመ። ያሬድ ዘሎ ካላማዳሪው ላይ ወጣና መዞር ጀመረ። ቤቴልን ጃኬት አልብሰን፣ ክንዷ ላይ ትራሶቹንም አስረንላት ስለነበር እጆቿ ወደ ጎን እንደተዘረጉ ቀሩ። እንደዚያም ሆና በጣቶቿ ጫፍ ቀሚሴን ይዛለች።

አባቷ ለመናት። አጎቷ ለመኗት። ያሬድ፣ «ነይ፣ ፈሪ!» አላትና ከእማማ ተግሣጽ አገኘ።

«አልገባም» አለች። ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ግቢ።»

እኔ ከጉልበቴ በላይ ውኃ ውስጥ የገባሁት ክርስትና የተነሣሁ ዕለት ብቻ ነው፤ ያንንም አላስታውሰውም። የለበስኩት ሰፊ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ሰለሞን «ተዪው» አለኝ። የልጄን እግር አየሁት፤ ግራው ከቀኙ መቅጠን ጀምሯል። በስመ አብ ብዬ በመሰላሉ ወረድኩ።

ውኃው ቀዝቃዛ አልነበረም። የሆነው ሌላ ነው። ቀሚሴ ከሥሩ አየር ይዞ ዙሪያዬን እንደ ድንኳን ተነሣ። በቀኝ ስጫነው በግራ ያብጣል፤ በግራ ስጫነው በኋላ ይነሣል። ጃኬቱ ወደ ላይ ይጎትተኛል፤ እግሬ መሬት ይፈልጋል፣ አያገኝም። ከገዛሁትና ከተሸለምኩት ዕቃ ሁሉ በላይ አየር የያዘው ይኸው ቀሚሴ ነው። ቀስ እያልኩ፣ ዙሪያዬን እየዞርኩ፣ ከጀልባው መራቅ ጀመርኩ።

«ያዙልኝ! ወደ ማዶ እየሄደችብኝ ነው!» አለ ሰለሞን።

«ተዋት፣ ንፋሱ ይመልሳታል» አሉ ጋሽ ታደሰ።

እማማ ሙሉ ጸሎት ጀመሩ። በዚህ መሐል ከጀልባው ጠርዝ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«እማዬ፣ ማን ነፋሽ?»

ቤቴል ናት። ከዚያ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቋን ከሰማሁ ክረምት አልፏል፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ።

«ተይ አትሂጂ! ጠብቂኝ! አባዬ፣ አውርደኝ፣ አምልጣን ልትሄድ ነው!»

አባቷ አወረዳት። ሁለት እጇን ዘርግታ ያበጠ ቀሚሴ ላይ ወደቀችና በሁለት እጇ ጨበጠችው። ውኃው ያዛት፤ አልሰመጠችም። ትንሽ ዝም ብላ ተንሳፈፈች፤ ውኃውን ልመነው አልመነው ብላ እንደምታስብ ፊቷ ላይ አየሁ።

«አራግጪ፣ ልጄ» አልኳት።

አራገጠች። ውኃው ፊታችን ላይ ተረጨ፤ አፌም ገባ። ደግማ አራገጠች። በዚህ ጊዜ ጎኔን፣ ጃኬቱ ከሚያልቅበት ዝቅ ብሎ፣ አንድ ነገር አጥብቆ መታኝ። ትንፋሼ ተቋረጠ።

«ውይ! እማዬ፣ ይቅርታ!»

«በየትኛው እግርሽ ነው?» አልኳት፣ ድምፄ እንደመጣ።

የተቆጣሁ መስሏት ፊቷ ተለወጠ። ቀሚሴን ሳትለቅ፣ ወደ ኋላ ጋደል ብላ፣ የመታኝን እግር ከውኃው አውጥታ አሳየችኝ። ግራው ነው።

«ተመስገን» አልኩ። «ድገሚኝ።»